መንጃ ፈቃድ ስለ ማውጣትና ስለ መኪና መድን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ለተለዩን ወገኖቻችን ዕረፍተ ነፍስን፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን እንመኛለን። የጸሐፊያችንና የገንዘብ ያዣችን ሪፖርት ተሰምቷል፤ ሒሳቡም ተመርምሮ ትክክል መሆኑ ተነግሯል። አሁን ኮሚቴው ጥቂት ደቂቃ የጠየቃችሁ በሪፖርቱ ውስጥ ስለሌለ አንድ ወጪ ሊነግራችሁ ነው። በሪፖርቱ ያልገባው ተደብቆ አይደለም፤ ከእድሩ ካዝና ስላልወጣ ነው። ከየኪሳችን አዋጥተን፣ በፖስታ አሽገን ነው የሰጠነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አዋጥታችኋል፤ ፈጣሪ ይስጥልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባሎቻችን አንዲት እናት አሉ። እዚሁ ሰሜን ቨርጂንያ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው 18 ዓመት ሲሞላው መንጃ ፈቃድ አወጣ። ልጁን በኢንሹራንሱ ላይ ያስመዘገቡ እንደሆነ ክፍያው እጥፍ እንደሚሆን ከሰው ሰምተው ነበርና፣ እናትየዋ ለኩባንያው ሳይነግሩ ዝም አሉ። ልጁም እናቱን ከሥራ ያመጣል፣ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። አንድ ዝናባማ ምሽት ወደ ግራ ሲታጠፍ ከፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ተጋጨ። ተመስገን ነው፣ ሰው አልሞተም። ነገር ግን የሌላው መኪና ነጂ ክንዱ ተሰበረ፤ የእናትየዋም መኪና ከጥቅም ውጭ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ከኩባንያው ስልክ ተደወለ። “ይህ ወጣት ማን ነው? የት ነው የሚኖረው? መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስንት ጊዜው ነው? ለምን አልተነገረንም?” የሚል ጥያቄ መጣ። ጉዳዩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ኩባንያው ለተጎዳው ሰው ቢከፍልም፣ የእናትየዋን መኪና አልከፍልም አለ፤ ውሉንም አላድስም ብሎ ጻፈ። ሌላ ኩባንያ ሲጠየቅ ደግሞ ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። እናትየዋ መኪናም ኢንሹራንስም ሳይኖራቸው ከሌሊት ሥራ በእግርና በአውቶቡስ መመለስ ጀመሩ።

ጉዳዩ ለኮሚቴው ሲቀርብ፣ ከመካከላችን አንዱ “እትዬ፣ ስሙን ለምን አላስመዘገቡም?” ብሎ ጠየቃቸው። “የጨመሩብኝ እንደሆነ የቤት ኪራዩን ከየት አመጣዋለሁ ብዬ ነው እንጂ ማታለልስ አልፈለግሁም ነበር” አሉ። እኛም የምንመልሰው ጠፋን። ደንባችን የሚናገረው ስለ ሞት ነው፤ ሰው ሲሞት እንጂ መኪና ሲሞት የሚከፈልበት አንቀጽ የለንም። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አንዳንዶቻችን “ደንብ ይጣስ” አልን፤ ሌሎቻችን “ዛሬ ለመኪና ከተከፈለ ነገ ለቀብር ምን ይተርፋል?” አልን። በመጨረሻ ከደንብ ውጭ በፈቃድ ለማዋጣት ተስማማን። ታሪኩን እዚህ የምንናገረውም እናትየዋ ራሳቸው “ለሌላው ትምህርት ይሁን፣ ስሜን ሳትጠሩ ንገሩ” ስላሉን ነው።

ሌላም ቤት አለ። በዚያ ቤት ያለው ወጣት 22 ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ግን የለውም። ወላጆቹ “ኢንሹራንሱ ይበላናል፣ አርፈህ በአውቶቡስ ሂድ” ስላሉት አራት ዓመት ቆየ። ባለፈው ዓመት የድርጅቱን መኪና እየነዳ የሚሠራበት ጥሩ ሥራ ተገኝቶለት ነበር። የመኪናው ኢንሹራንስ የአሠሪው ነው፤ ከልጁ የተፈለገው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነበር። እርሱ የልምምድ ፈቃዱን ሊያወጣ ሲሯሯጥ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እንግዲህ አንዱ ቤት ደብቆ ተጎዳ፣ ሌላው ፈርቶ ተጎዳ። የሁለቱም ጉዳት የመጣው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። መንጃ ፈቃድ የሰው ነው። የመኪና መድን ግን በመሠረቱ የሚገዛው ለመኪናው ነው። መኪና የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ኢንሹራንስ መግዛት የለበትም። የሚያስፈልገው ለልምምድና ለፈተና የሚነዳው መኪና የተመዘገበና መድን ያለው መሆኑ ብቻ ነው፤ ያ መኪና የዘመድም ሆነ የመንጃ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

የመንጃ ፈቃዱ ወጪ እንደሚወራው አይደለም። በቨርጂንያ መደበኛው መንጃ ፈቃድ ለ8 ዓመት 32 ዶላር ነው፤ ሲካፈል በዓመት 4 ዶላር ማለት ነው። የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛም ይሰጣል። የመንገድ ምልክቶቹን 10 ጥያቄዎች አንድም ሳይሳሳቱ መመለስ ግዴታ ነው፤ ከቀሩት 30 ጥያቄዎች ደግሞ 80 በመቶውን መመለስ ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ አባሎቻችንም፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ ከታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ ፈተናው በቋንቋችን ይገኛል። ስለዚህ “እንግሊዝኛዬ አይበቃም” ብላችሁ የምትቀሩ እናቶችና አባቶች ይህን ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ተዉት።

ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ በቨርጂንያ የልምምድ ፈቃድ ማውጣት የሚችለው 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው ነው። ፈቃዱን 9 ወር መያዝና የመንጃ ትምህርት መማር አለበት፤ ከወላጅ ወይም ከሌላ ባለ ፈቃድ ጋር ቢያንስ 45 ሰዓት መለማመድ አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 15ቱ ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን ይኖርበታል። 18 ዓመት የሞላው ሰው ግን ወይ የልምምድ ፈቃዱን 60 ቀን ይይዛል፣ ወይ የመንጃ ትምህርት ጨርሶ ለፈተና ይቀርባል። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጡ ወገኖችም እዚያ 20 ዓመት ነድተው እንኳ ቢሆን ፈተናው እንደማይቀርላቸው ይወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። “18 እስኪሞላው ይቆይ፣ ይቀለዋል” እያልን የምናቆየው ልጅ፣ በእርግጥ ትምህርቱና 45 ሰዓቱ ይቀሩለታል። ነገር ግን የሚቀርለት ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ተቀምጦ፣ በዝናብና በጨለማ የሚለማመድበት ጊዜ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? በዚያ ላይ ብዙ ኩባንያዎች ዋጋ ሲያወጡ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን፣ መንጃ ፈቃድ ከተያዘ ስንት ዓመት እንደሆነውም ይጠይቃሉ። ፈቃዱን በ25 ዓመቱ የሚያወጣ ሰው በዚያ ዕድሜው ጀማሪ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

አሁን ወደ መድኑ እንምጣ። ኢንሹራንስ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እድር ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን ድንገተኛ ወጪ ብዙ ሰዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ይሸከሙታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። በማሳቹሴትስ የመኪና መድን በሕግ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች ኋላ ላይ ተከተሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በመኪና የተገጨ ሰው፣ የገጨው ሰው ኪሱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ማን ያሳክመው?

በቨርጂንያ እስከ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 ድረስ 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ከመካከላችንም ይህን 500 ዶላር ከፍለው “ኢንሹራንስ አለኝ” ይሉ የነበሩ አሉ። ያ ገንዘብ ግን አንዲት ሳንቲም ካሣ የሚከፍል አልነበረም። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ መንገድ ተዘግቷል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው የመድን መጠን ከፍ ብሎ፣ ለአንድ ሰው አካል ጉዳት 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሰዎች በጠቅላላ 100,000 ዶላር፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ሆኗል። ያለ መድን የተገኘ ሰው 600 ዶላር ይቀጣል፤ ፈቃዱ ይታገዳል፤ ከዚያም ለሦስት ዓመት መድን እንዳለው የሚመሰክር ልዩ ወረቀት በኩባንያው በኩል ማቅረብ አለበት። ይህ ወረቀት ያለበት ሰው የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ ከቀድሞው ይብሳል። ያለ መድን መንዳት ርካሽ የሚመስለው እስከሚያዝ ድረስ ብቻ ነው።

ታዲያ የኛ ክፍያ ለምን ይበዛል? በእድራችን ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ይከፍላል። የመድን ኩባንያ ግን እያንዳንዱን ሰው ይመዝናል። ወጣቶች ይበልጥ ስለሚጋጩ ወጣት ይበዛበታል። በዚህ አገር የመንዳት ታሪክ የሌለው ይበዛበታል። የሚኖርበት ሰፈር፣ የመኪናው ዓይነት፣ የተቀበለው ቅጣት ሁሉ ይታያል። ክሬዲታችንም ይታያል። ካሊፎርንያ፣ ሐዋይና ማሳቹሴትስ በክሬዲት ታሪክ የመኪና መድን ዋጋ መወሰንን ከልክለዋል፤ በቨርጂንያ ግን ኩባንያዎች ሊያዩት ይችላሉ። አዲስ መጤ ቤተሰብ፣ ወጣት ልጅ ያለው፣ ክሬዲት ያልገነባ እንደሆነ ከሦስት ወገን ይመታል ማለት ነው። ይህ በደል መስሎ የሚታየን ብንኖር አንሳሳትም። ነገር ግን በደሉን በመደበቅ አናስተካክለውም።

እዚህ ላይ የእድራችንን መዝገብ አስታውሱ። አንድ አባል ሲገባ ባሉን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አብረውት የሚኖሩ ወላጆቹን በስም ያስመዘግባል። ያልተመዘገበ ሰው ቢሞት ምን ያህል ጭቅጭቅ እንደሚነሣ ሁላችንም አይተናል። የመኪና መድንም መዝገብ እንደዚሁ ነው። እንግዳ ሰው በባለቤቱ ፈቃድ አንድ ቀን መኪናችንን ቢነዳ አብዛኛውን ጊዜ መድኑ ይሸፍነዋል። ከኛ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ባለ መንጃ ፈቃድ ግን ለኩባንያው መነገር አለበት። መኪናውን ርካሽ ሰፈር በሚኖር ዘመድ አድራሻ ማስመዝገብም ያው መደበቅ ነው። ሐሰቱ የሚወጣው ደግሞ ገንዘቡ በጣም በሚያስፈልገን ቀን ነው።

እንግዲያውስ አቅማችን የማይችል ስንሆን ምን እናድርግ? ኮሚቴው ጠይቆና አጣርቶ ያገኘውን ባጭሩ እንናገራለን።

አንደኛ፣ ቤት ውስጥ መኪና ከሌለ ልጁ ፈቃዱን ያውጣ። አልፎ አልፎ የሰው መኪና የሚነዳ ከሆነ ደግሞ መኪና ለሌለው ነጂ የሚሸጥ መድን አለ። ይህ በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚከፍል ሲሆን፣ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው ያንሳል። በራሳችን ቤት ላለ መኪና ግን አያገለግልም።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ መኪና ካለ፣ ልጁ የልምምድ ፈቃድ ሲያወጣ ጀምሮ ለኩባንያው ይነገር። ብዙ ኩባንያዎች ልጁ በልምምድ ላይ እያለ ተጨማሪ አያስከፍሉም። ሙሉ ፈቃድ ሲያወጣ ዋጋው ይጨምራል፤ ይህን አንሸሽግም። ስለዚህ ከመጨመሩ በፊት ቢያንስ የሦስት ኩባንያ ዋጋ ይጠየቅ። አንዳንድ ክፍለ ግዛት “ይህ ልጅ መኪናዬን አይነዳም” ብሎ በጽሑፍ ከውሉ ማስወጣትን ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ አይፈቅድም። የተፈቀደለትም ቢሆን፣ ከውሉ ያስወጡት ልጅ “ለሱቅ ብቻ” ተብሎ እንኳ ቁልፉን መንካት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ቅናሽ ካልጠየቁ አይሰጥም። በትምህርቱ አማካይ ውጤቱ ቢ እና ከዚያ በላይ የሆነ ተማሪ፣ የመንጃ ትምህርት የጨረሰ ልጅ፣ መኪና ሳይዝ ርቆ ኮሌጅ የሚማር ልጅ፣ የስድስት ወሩን ባንድ ጊዜ የሚከፍል ቤተሰብ በብዙ ኩባንያዎች ቅናሽ ያገኛሉ። የልጆቻችሁን የውጤት ካርድ መሳቢያ ውስጥ ከምትቆልፉት ለኢንሹራንሱ ላኩት።

አራተኛ፣ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የመድኑን ዋጋ ጠይቁ። አሮጌ፣ ዕዳ የሌለበት መኪና ከሆነ ለራሱ ለመኪናው ጉዳት የሚከፍለውን ክፍል መተው ይቻላል፤ ለሌላ ሰው የሚከፍለውን ግን አትቀንሱ። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለውን መጠን ከፍ ማድረግም ወርኃዊውን ክፍያ ያወርደዋል። ይሁንና ያንን ገንዘብ በእጁ ያላስቀመጠ ሰው ይህን አያድርግ።

አምስተኛ፣ ኩባንያዎች ሁሉ “አንቀበልህም” ያሉት ሰው መጨረሻው ያ አይደለም። በቨርጂንያ ለእንዲህ ያሉ ነጂዎች የተቋቋመ የጋራ ዕቅድ አለ፤ በሜሪላንድም እ.ኤ.አ. በ1972 በሕግ የተቋቋመ ሜሪላንድ ኦቶ የሚባል ድርጅት አለ። ዋጋቸው ርካሽ ነው አንልም፤ ሕጋዊ ግን ናቸው። ካሊፎርንያ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ነጂ ክፍለ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሕግ ያቋቋመው የዝቅተኛ ዋጋ መድን እንዳለ ንገሯቸው።

ስድስተኛ፣ ክፍያ አታቋርጡ። የተቋረጠ መድን ሲቀጠል ዋጋው ይጨምራል። ምግብ በማድረስና ሰው በማጓጓዝ የሚሠሩ ልጆቻችንም ልብ ይበሉ፤ የግል መኪና መድን አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ሥራ አይከፍልም። ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ኩባንያቸውን ይጠይቁ። በደል የደረሰበት ሰው ደግሞ በቨርጂንያ የመድን ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ለክፍለ ግዛቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

አሁን ኮሚቴው ለውሳኔያችሁ ሦስት ሐሳብ ያቀርባል። አንዱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስብሰባችን ቀደም ብሎ ለጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ የሚጠና የጥናት ክፍል ይከፈት። ሁለተኛው፣ ዕድሜያቸው ከ21 በላይ የሆኑ፣ መንጃ ፈቃድና መድን ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ከተለማማጅ ልጆቻችን ጎን እንዲቀመጡ ስማቸውን ይስጡ፤ አስቀድመው ግን የየራሳቸውን ኩባንያ ይጠይቁ። ሦስተኛው፣ ከቀብሩ ገንዘብ ፈጽሞ የተለየ፣ በፈቃድ የሚዋጣ አንድ ሣጥን ይኑር። ከዚህ ሣጥን ለመንጃ ትምህርት ቤትና ለመጀመሪያው የመድን ክፍያ በብድር ይሰጥ፤ ተበዳሪውም በየወሩ ይመልስ። የቀብሩ ገንዘብ አይነካም፤ በዚህ ላይ ሁላችንም አንድ ነን።

ባለፈው ጊዜ ገንዘቡን ያዋጣነው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነበር። ከዚያ በጣም ባነሰ ገንዘብ ያ ልጅ ስሙ በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ እናቱም ዛሬ በሌሊት በእግራቸው አይመለሱም ነበር። እኛ ለሙታኖቻችን የምንደርስ ሰዎች ነን፤ ይህ ክብራችን ነው። በሕይወት ላሉት ግን ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ዘግይተን ነው። እስቲ በዚህ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቀድመን እንድረስ።

እናትየዋ ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ልጃቸውም በሥራ ላይ ነው፤ ዕዳውን በየወሩ እየከፈለ ነው። ያዋጣነውን ገንዘብ መልሱ ብለን አልጠየቅናቸውም። እርሳቸው ግን ለሦስተኛው ሣጥን የመጀመሪያውን 20 ዶላር ትናንት ለገንዘብ ያዣችን አስረክበዋል። የቀረው የናንተ ውሳኔ ነው።

ፈጣሪ ልጆቻችንን በመንገድ ይጠብቅልን።